ለሶፍትዌር የሚስማማ ኮምፓይለር ስለ መምረጥ

ተማሪዎች ሆይ፤ ቀድሞ ጨርቅ በክንድ ይለካ በነበረበት ዘመን ገበያ የሚወርድ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይሄድ እንደ ነበር ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ክንድ የሚለው ስም አንድ ነው፤ ርዝመቱ ግን እንደ ሰውየው ይለያያል። አንዱ በራሱ ክንድ ለክቶ ላስቆረጠው ካባ ሌላው በራሱ ክንድ ለክቶ ገበር ቢያመጣለት፣ ገበሩ ወይ ያጥራል፤ ወይ ይተርፋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ቢሆንም ችግሩ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ለመሆኑ ኮምፓይለር ምንድን ነው? ኮምፓይለር ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ጽሑፍ ኮምፒዩተሩ ሊፈጽመው ወደሚችል ትእዛዝ የሚለውጥ ተርጓሚ ነው፤ ራሱም ፕሮግራም ነው። ከነዚህ መካከል ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 ለሕዝብ ያወጣው ጂሲሲ እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። ታዲያ አንድ ትልቅ ሶፍትዌር ከብዙ ጥቅሎች የሚገጣጠም ነው እንጂ ወጥ ሥራ አይደለም፤ ጥቅሎቹም በተለያየ ጊዜና በተለያየ ኮምፓይለር የተተረጐሙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጀማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁት «ከሁሉ አዲሱ ኮምፓይለር የቱ ነው?» በማለት ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት «ይህ ጥቅል ከማን ጋር አብሮ ይኖራል?» የሚለው ጥያቄ ይመስለኛል። ምክንያቱን በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ላስረዳችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጂሲሲ 5ኛው ስሪት ሲወጣ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ዕቃ ቅርጽ ለወጠ። ለውጡ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የቋንቋው ደንብ የቀድሞውን አሠራር ስለ ከለከለ ነው። በ64 ቢት ኮምፒዩተር ላይ የቀድሞው ዕቃ 8 ባይት ብቻ ይይዝ ነበር፤ ጽሑፉ ያለው በሌላ ቦታ ሆኖ፣ ዕቃው አድራሻውን ብቻ ይዞ ይቀመጥ ነበርና። አዲሱ ግን 32 ባይት ሲሆን እስከ 15 ባይት የሚደርስ አጭር ጽሑፍ በውስጡ ያሳድራል። (የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ልክ 15 ሆኖ ይገባል፤ «አዲስ አበባ» ግን ይተርፋል።) እንግዲህ አንዱ ጥቅል ባለ 8 ባይቱን ዕቃ ሲያቀብል ሌላው ባለ 32ቱን ቢጠብቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ይህን ነገር በቅርብ ያየሁት ከማስተማር ወጥቼ መጻሕፍት በማዘጋጅበት ጊዜ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚገባውን የቃላት መፍቻ በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም አስፈለገን፤ ወደ ማተሚያ ቤት የሚላክበትም ቀን ቀርቦ ነበር። ፕሮግራሙን የሚሠራልን ወጣት ባለሙያ የመደርደሪያውን ጥቅል ከሌላ ድርጅት አገኘ። ጥቅሉ የመጣው በ4ኛው የጂሲሲ ትውልድ ተተርጕሞ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ አልተሰጠንም። በእኛ ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ግን ከ5ኛው ወዲህ የወጣ ስሪት ነበር። ሥራው መገጣጠሚያው ደረጃ ላይ ሲደርስ ተፈላጊው ተግባር አልተገኘም የሚል መልእክት መጣ። ወጣቱ ጥቅሉን ከፍቶ ቢመለከት ተግባሩ በቦታው አለ፤ ነገር ግን አዲሱ ኮምፓይለር የሚፈልገው ስም አዲሱን ቅርጽ የሚያመለክት ምልክት የተጨመረበት ነው።

ብዙዎች እንዲህ ያለውን መልእክት እንደ ክፉ ዕድል ይቈጥሩታል። እኔ ግን መልካም ጠባቂ ነው እላለሁ። ጽሑፉ በሌላ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ተሸሽጎ ቢያልፍ ኖሮ የዕቃው ስም ስለማይለወጥ ገጣሚው ፕሮግራም ምንም ሳይናገር ያሳልፈው ነበር፤ ጥፋቱም የሚገለጠው ፕሮግራሙ ሲሠራ ቈይቶ በድንገት ሲቋረጥ ወይም ቃላቱ ተበላሽተው ሲወጡ ነው። የተበላሸ መፍቻ ታትሞ በተማሪ እጅ ከገባ በኋላ ማን ይሰበስበዋል?

መፍትሔው አስቸጋሪ አልሆነም። ጂሲሲ ከ5ኛው ስሪት ጀምሮ የቀድሞውን ቅርጽ መልሶ እንዲጠቀም የሚታዘዝበት መንገድ አለው። ነገር ግን ግማሹን በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ መተርጐም አይገባም፤ ከጥቅሉ ጋር ጽሑፍ የሚቀባበለው ክፍል ሁሉ በአንድ ልክ መተርጐም አለበት። ወጣቱም የእኛን ክፍሎች በሙሉ እንደ ገና በዚሁ ልክ ተረጐማቸው፤ አንድ ምሽት በቃው።

ዋናው ጽሑፍ በእጃችሁ ካለ ግን ፍርዴ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 14ኛው ጂሲሲ፣ በሲ ቋንቋ ሳይታወጅ የተጠራን ተግባር እንደ ስሕተት ቈጥሮ ትርጕሙን ያቆማል። የቋንቋው ደንብ ይህን አጻጻፍ ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ ኮምፓይለሩ ግን እስከዚያ ድረስ በማስጠንቀቂያ ብቻ ሲያልፈው ኖሯል። በዚህ ጊዜ አሮጌ ኮምፓይለር ፍለጋ መሄድ በሽታን መደበቅ ነው፤ የጐደለውን መስመር መጻፍ ይቀላል።

ደግሞም ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ኮምፒዩተር አትርሱ። በአሮጌ ጂሲሲ የተተረጐመ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ በአዲሱ የተተረጐመው ግን የሚደገፍበት አዲስ ጥቅል በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ስለማይገኝ ገና ሲነሣ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ በትምህርት ቤታችሁ ካሉት ኮምፒዩተሮች በሁሉም ላይ እንዲሠራ የምትፈልጉት ፕሮግራም ካለ፣ ከመካከላቸው በዕድሜ በገፋው ላይ ባለው ኮምፓይለር ተርጕሙት።