የቃናው ሠርግ በጌጃ ሰፈር

ቃና ዘገሊላን ያወቅኩት በአያቴ ጋን ነው። ጌጃ ሰፈር በነበረችው ጠባብ ቤታችን፣ ከጓዳው ጥግ፣ ጠላ የሚጠመቅበት ትልቅ ጋን ተቀምጦ ነበር። አያቴ በበዓሉ ቀን፣ ጥር 12፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በቃናው ሠርግ ወይኑ ሲያልቅ ጌታ ውኃውን ወይን ያደረገበትን ታሪክ ስትነግረን ጋኑን በእጇ ትጠቁመዋለች። «እንዲህ ያለ ስድስት ነበር፤ ያውም የድንጋይ! አንዱ ብቻውን ሁለት ሦስት እንስራ የሚይዝ።» ከቦኖ ውኃ በጀሪካን ለሚያመላልስ ልጅ ከተአምሩ በፊት የሚያስደንቀው ጋኖቹን እስከ አፋቸው የሞሉት አገልጋዮች ድካም ነበር። ሰባኪዎች ብዙም አያነሷቸውም እንጂ እኔ ዛሬም አዝንላቸዋለሁ።

ቀኑ ራሱ ደስ ይላል። አብዛኞቹ ታቦታት ጥር 11 ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የቅዱስ ሚካኤል አድሮ የሚገባው በዚህ ዕለት ነው። ሊቃውንቱ ሠርጉ የሆነው የካቲት 23 ቀን ነው፤ የውኃውን በዓል ከውኃ በዓል ጋር ለማስማማት ከጥምቀት አስጠግተውት ነው ይላሉ። ለእኛ ለልጆቹ ጥር የሠርግ ወር ነበር። ነነዌና ዐቢይ ጾም ሳይገቡ ያለው ሁሉ ልጁን ይድራል፤ በየመንደሩ ድንኳን ይተከላል። ቃና ሩቅ አገር መሆኗን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ጴንጤዎች ነበሩ። በአንድ በኩል ልደታ ማርያም፣ በሌላ በኩል ጌጃ ቃለ ሕይወት ባለበት ሰፈር ይህ ብርቅ አይደለም። ልጃቸው ጓደኛዬ ነበርና ሰንበት ትምህርት የሰማውን ይዞብኝ ይመጣል።

«ማርያም ምንም አላደረገችም፤ ያደረገው ጌታ ነው።»

«ማለቁን ማን ነገረው ታዲያ?»

የባሰው ጸብ በወይኑ ነበር። እሱ ጭማቂ ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ ጌታ ሰው አያሰክርማ! አያቴ ሰምታን ሳቀች። «ልጄ፣ የድግሱ አሳዳሪ ለጭማቂ ብሎ ነው ሙሽራውን የጠራው?» ያ አሳዳሪ መናኛው ወይን የሚወጣው እንግዳው ከሰከረ በኋላ እንደሆነ መናገሩን ሳስብ፣ ክርክሩን እሷ የረታች ይመስለኛል።

ነገሩ የገባኝ ግን ከማዶ ያለች አንዲት ደሃ ጎረቤት ልጇን የዳረች ቀን ነው። ገና ከሰዓት ጠላው ተሟጠጠ። ድንኳኑ ውስጥ ጭፈራው ደርቷል፤ ጓዳ ውስጥ ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። የሙሽሪት እናት አመድ መስላለች። መጠጥ ያለቀበት ሠርግ ለዓመታት ሲወራ ይኖራል፤ ያውም የደሃ ሲሆን። ቀድማ ያየችው የጓደኛዬ እናት ነበረች፣ ጠላ በአፏ የማይዞረው። ወደ አያቴ ጠጋ ብላ በጆሮዋ «እማማ፣ አልቆባቸዋል» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የአያቴ ጋን በጓሮ በር ተቀዳ፤ ከሌሎች ቤቶችም እንስራው ተከታተለ። ሙሽራው ምንም ሳያውቅ ሲጨፍር አመሸ። የቃናው አሳዳሪም ወይኑ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት ግን ያውቁ ነበር።

ወንጌላዊው ዮሐንስ የቃናውን ተአምር የምልክቶቹ መጀመሪያ ይለዋል። ጌታ በመጀመሪያ ምልክቱ ዕውር አላበራም፣ ሙት አላስነሣም፤ አንድን ቤት ከእፍረት አዳነ። አያቴ በዚህ ውስጥ የእመቤታችንን ምልጃ ታያለች፤ የጓደኛዬ እናት ደግሞ የጌታን ክብር መገለጥና የደቀ መዛሙርቱን ማመን። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ፊት ለፊት ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ክርክሩ የእኔና የጓደኛዬ ነበር። የሠርጉን ባለቤት የእኛ ትውፊት ዶኪማስ ይለዋል፤ ዮሐንስ ግን ስሙን አልጻፈም። የልጇን ጆሮ የፈለገችውን እናትና የተገለጠውን ክብር ግን በአንድ ታሪክ አስፍሯቸዋል። ምዕራፍ 2 ላይ ነው፣ ከቁጥር 1 እስከ 11፤ አንብቡትና በእኔና በጓደኛዬ መካከል እናንተ ፍረዱ።