የታየው ውሃው ነው ወይስ ደለሉ?

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ አበው። እኔ ግን ዓይን ልብን ለማየት ስንት እንደሚደክም የተረዳሁት አምና ነው።

አባቴ በወንጂ ሸንኮራ እርሻ በመስኖ ሥራ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ከአዋሽ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ደለል ይዞ ስለሚመጣ፥ ቦይ መጥረግ የዘወትር ሥራው ነበር። አምና ግን ጥቂት እንደ ተራመደ ደረቱን ይጨንቀው፥ ግራ ክንዱን ያደነዝዘው ጀመር፤ ሲያርፍ ይተወዋል። የሄድንበት አንድ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት ሰጠን። ተማሪ ነኝ ባዩ እኔም አምኜ ስድስት ወር ዝም አልኩ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ አዳማ ያገኘነው ሐኪም የሕመሙን አመጣጥ አጥብቆ ጠይቆ፥ ልቡንም በኢ.ሲ.ጂ. መርምሮ ወደ አዲስ አበባ ላከን። እዚያ በእጁ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቡ አደረሱና ቀለም ረጭተው በራጅ አነሡት። አንጂዮግራፊ የሚባለው ይኸው ነው። ሐኪሙ ሥዕሉን እያሳየ «አባባ፥ አንዱ ደም ቅዳዎ እዚህ ላይ ጠቧል፤ ሌላው ደህና ነው» አለው። አባቴ ትክ ብሎ አየና «ዶክተር፥ ይህ የታየው ውሃው ነው ወይስ ደለሉ?» ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «ውሃው ነው» አለው።

ነገሩ ስላልገባኝ ግቢ ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ጀርመናዊው ቨርነር ፎርስማን በገዛ ክንዱ ደም ሥር ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰ። በ1958 ደግሞ አሜሪካዊው ሜሰን ሶንስ ሳያስበው ቀለሙ ወደ ቀኙ የልብ ደም ቅዳ ገባበት፤ በሽተኛው ግን ተረፈ፥ ዘዴውም ተወለደ። ሆኖም ራጁ የሚያሳየው ቀለም የተቀላቀለበትን ደም እንጂ ስብ የተጠራቀመበትን ግድግዳ አይደለም። ሲሞር ግላጎቭና ባልደረቦቹ በ1987 እንዳሳዩት፥ ደም ቅዳ ስብ ሲጠራቀምበት ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ስለዚህ ደለሉ 40 በመቶ ያህል እስኪይዝ መተላለፊያው ላይጠብ ይችላል። የአባቴ ጥያቄ ይህ ነበር።

ግድግዳውን ለማየት በቱቦ ጫፍ የምትገባ ትንሽ አልትራሳውንድ አለች፤ በድምፅ ነጸብራቅ የስቡን ውፍረት ትለካለች። በብርሃን የሚሠራው ኦ.ሲ.ቲ. የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ረቂቅ ነገር ይለያል፥ ግን እንደ ድምፁ ጠልቆ አያይም። ያለ ቱቦ ደግሞ ሲቲ ስካን በደም ቅዳው ላይ የተጋገረውን ካልሲየም ይቆጥራል፤ ገና ያልጠጠረውን ስብ ግን አይቆጥርም።

አባቴ በጠበበው ቦታ ስቴንት ገብቶለት ዛሬ ይራመዳል። «ደህና ነው» የተባለውን ደም ቅዳ ግን አያምንም። ሲጋራውን ጥሎ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል። «ቦይ የሚጠረገው ውሃው ከቆመ በኋላ አይደለም» ይላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ መሣሪያው ውድ ነው፤ ከመቂም ከባቱም ለሚመጣ ሕመምተኛ ሩቅ ነው። «ስትራመድ ያምሃል? ስታርፍ ይተውሃል?» ብሎ መጠየቅ ግን በነጻ ነው። ይህን አባቴን ስድስት ወር ቀድሜ ልጠይቀው በተገባኝ ነበር።