ጠርቷል እንጂ አልደረሰም

በአማርኛችን «ጥራት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ያልደፈረሰው ነገር ጥራት አለው፤ እንከን የሌለውም ጥራት አለው። «ጥሩ» የምንለውም ከዚያው ከ«ጠራ» የወጣ ነው። ጭማቂ ቤት ስንገባ ግን ይህን ሁሉ በር ላይ ትተነው እንገባለን። አዲስ አበቤ ስፕሪሱን በማንኪያ ካልበላው የጠጣ አይመስለውም። ስለዚህ ፈረንጅ ጭማቂን እንደ ምንጭ ውኃ የሚያጠራ መኪና ሠራ ብላችሁ «ምነው ሥራ ፈታ!» ብትሉ አይፈረድባችሁም።

መኪናው ሴንትሪፉጅ ይባላል። ደሙን ለምርመራ የሰጠ ሰው ዘመዱን ላቦራቶሪ ውስጥ ሳያየው አይቀርም፤ አሽከርክሮ ከባዱን ከቀላሉ የሚለየው ነው። ወደ መጠጥ ቤት ካስገቡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዴቭ አርኖልድ ነው። ኒውዮርክ ይገኝ በነበረው ቡከር ኤንድ ዳክስ በተባለ ባሩ የላቦራቶሪውን ዓይነት ሲጠቀም ቆየና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ስፒንዛል የተባለውን ለወጥ ቤት የሚሆን ትንሽ መኪና አወጣ። የሚይዘው ግማሽ ሊትር ነው፤ ዝቃጩን ከመሬት ስበት 2000 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል።

ማሽከርከሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ፍሬን አያይዞ የሚይዝ ፔክቲን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር አለ፤ ማርማላታን የሚያረጋው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ጠብ ይደረግና ዝቃጩ ይለቃል። ድካሙ በአብዛኛው ለጋዝ ሲባል ነው። ደፍራሳ ጭማቂ ጋዝ ሲሞላበት ቅንጣቶቹ አረፋውን እየቀሰቀሱ ይገነፍላል፤ የጠራው ግን ጋዙን ይዞ ይቆያል። እኔን የገረመኝ ሙዙ ነው። 3 የበሰሉ ሙዞች ከአንድ ጠርሙስ ነጭ ሩም ጋር ተፈጭተው፣ ኢንዛይም ተጨምሮባቸው ይሽከረከራሉ። ብርጭቆው ውስጥ ሙዝ የሚባል አይታይም፤ አፍ ውስጥ ግን ሙዝ ነው።

ይህን የቀመስኩት ዋሽንግተን ባርማን ሆኖ ከሚሠራው ከአክስቴ ልጅ ዘንድ ነው። ያደግነው እናቴ ጠጅ በምትሸጥበት ቤት፣ ብርሌ እያጠብን ነው። በዚያ ቤት የደፈረሰ ጠጅ ማለት የተመለሰ ብርሌ ማለት ነበር፤ የተመለሰ ብርሌ ደግሞ ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ክፍያ። ደንበኛ ብርሌውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሳያይ አይቀምስም። ጌሾው ወጥቶ ጠጁ ከተጠለለ በኋላ እናቴ ጋኑን ከድና በአጠገቡ መሮጥ እንኳ ትከለክለን ነበር።

የአክስቴ ልጅ በዚያ መኪና ጠጅ ሞከረ። ማሩን በጥብጦ፣ ጌሾውን ጨምሮ በ8ኛው ቀን አሽከረከረው። እንደ መስተዋት ጠራ። አዲስ አበባ ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት።

«ስንት ቀን ቆየ አልከኝ?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ጠርቷል እንጂ አልደረሰም።»

ነገሯ ቆይቶ ገባኝ። ደንበኞቿ ብርሌውን ወደ ብርሃን ሲያነሱ ቀን ይቆጥሩ ነበር። ጥራቱ ጠጁ ስለመቆየቱ ምስክር ነበር፤ መኪናው ምስክሩን ብቻ ነጥሎ አመጣው። ለሎሚ ይህ አይሠራም። የሎሚ ጭማቂ በዕለቱ ካልተጠጣ ጣዕሙ ይለወጣል፤ እስኪዘቅጥ ቢጠብቁት የሚያገኙት የጠራ ግን የሞተ ሎሚ ነው። ለሎሚ መኪናው ባለውለታ ነው። ለጠጅ ግን፣ እኔ እንጃ።

እናቴ ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም።

«አምቡላውንስ ምን አደረገው?»

«ጣለው።»

«በብርሌ ስንት ሊሸጠው ነው?»

«አይሸጠውም፤ ለሙከራ ነው።»

«ታዲያ ምን አጣደፈው?» አለችኝ።