አምስቱ ጣቶቼ



አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር በገባን በስድስተኛው ወር ከታች ፎቅ ያሉት አሮጊት ጎረቤታችን ሰላምታ ነሱኝ። በፊት ደረጃ ላይ ካገኙኝ «ካሊሜራ» ሳይሉኝ አያልፉም ነበር። ልጄን ሲያዩማ «ፍቱ ፍቱ ፍቱ» እያሉ እንትፍ ይሉባታል። የመጀመሪያ ቀን ክው ብዬ ቀርቼ ነበር፤ ለካ ከሰው ዐይን ሊጠብቋት ነው። እኛ «ማሻአላህ» እንደምንለው መሆኑ ነው። የኛስ ሽማግሌዎች ሲመርቁ እንትፍ ይሉ የለ?

እኚህ ሴትዮ ናቸው ድንገት ፊታቸውን ያዞሩብኝ። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ሒጃቤ ነው አልኩ። ለባለቤቴም «እሳቸውም እንደ ሌሎቹ ሆኑ» ብዬ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ከቤት ስወጣ በራቸው አለመከፈቱን አዳምጬ ነው። ሁለት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ነገሩን የፈታችልኝ እዚያ ረጅም ዓመት የኖረች የአገሬ ልጅ ናት። «ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁ ዕለት ምን ነበር?» አለችኝ። ምንም! ከበረንዳቸው ቀና ብለው ለቡና ጠሩኝ፤ ወጥ እሳት ላይ ስለነበረኝ «አምስት ደቂቃ» ብዬ በእጄ አሳየኋቸው። እንዴት አድርጌ እንዳሳየኋቸው ስደግምላት እጄን ይዛ አወረደችው። ግሪኮች ዘንድ ጣትን ዘርዝሮ መዳፍን ወደ ሰው ፊት ማዞር «ሙንዛ» የሚባል ስድብ ነው። በቢዛንታይን ዘመን ወንጀለኛ በአህያ ሲዞር ሕዝቡ ፊቱን ጥላሸት ይቀባው ነበር፤ ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ።

ሱብሐነላህ! ለቡና የጠሩኝን ሰው ጥላሸት ቀብቼ፣ በጥላቻ የከሰስኩት ግን እሳቸውን ነው። ስለ መጥፎ ጥርጣሬ ሱረቱል ሑጁራት ላይ ስንት ጊዜ አንብቤ ነበር፤ ለራሴ ግን አልመሰለኝም።

ያን ቀን ዳቦ ጋገርኩ። በበጋ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11:30 የዕረፍት ሰዓት ስለሆነ በር አይንኳኳም፤ ልብስ ማጠቢያ እንኳ ባይጮህ ይመረጣል። (እኔ ይህንንም የተማርኩት ተቆጥተውኝ ነው።) 12 ሰዓት ላይ ወረድኩ። መዳፌን አሳይቼ፣ ወዲያው ደብቄ፣ «አላወቅኩም፣ ሲግኖሚ» አልኩ። «አሁንም ተቀይመውኛል?» አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው በምላሳቸው «ጽ» አሉ። አለቀልኝ ብዬ ልመለስ ስል የእጅጌዬን ጫፍ ያዙኝ። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንደምንለው፣ እነሱ አገጭ ቀና አድርገው «አይደለም» ይላሉ። «ታዲያ ልግባ?» ስላቸው «ኔ፣ ኔ» አሉኝ። ኔ በግሪክኛ አዎ ነው፤ ጆሮዬ ግን «ነይ፣ ነይ» ብሎ ነው የሰማው።

ከቡናው ጋር ያቀረቡትን መጠጥ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ሙስሊም ነኝ ብዬ አመሰገንኩ። ሳይከፋቸው አንስተው በማር የተሠራ ጣፋጭ አመጡልኝ።

ልጄ በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ አምስት ዓመት ይሞላታል። ዕድሜዋን ሲጠይቋት መዳፏን ወደ ራሷ አዙራ እንድትቆጥር እያለማመድኳት ነው፤ እስካሁን አልሆነልንም።