የቆጵሮስ ደሴት ቤቶችና ፀሐይ

ሐዋርያው በርናባስ የተወለደባት የቆጵሮስ ደሴት በሜድትራኒያን ባሕር በምሥራቅ በኩል የምትገኝ፣ ፀሐይዋ የበረታ አገር ናት። በዋና ከተማዋ በኒቆስያ በሐምሌ ወር የቀኑ ሐሩር ብዙ ጊዜ ከ37 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ሌሊት ግን ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ቤት የሚሠራ ሰው አንዲቱን ፀሐይ በሐሩር ወራት ሊሸሻት፣ በብርድ ወራት ግን ሊጠራት ግድ ይሆንበታል።

ከኒቆስያ ወጥቶ መሳውርያ በሚባለው ሜዳ የሚያልፍ መንገደኛ የቀድሞዎቹን የገበሬ ቤቶች ያያል። ግድግዳቸው ጭቃና ጭድ ተለውሶ በፀሐይ ከደረቀ ጡብ የተሠራ ነው፤ ውፍረቱም ግማሽ ሜትር ያህል ይሆናል። የቀኑ ሙቀት ይህን ግድግዳ ዘልቆ ወደ ውስጥ እስኪደርስ ይመሻል፤ ያን ጊዜም የቤቱ እመቤት መስኮቱን ከፍታ የሌሊቱን ነፋስ ታስገባለች፤ ሲነጋም መልሳ ትዘጋዋለች። ከጣራው ሥር የተተዉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ላይ የወጣውን ትኩስ አየር ያስወጣሉ።

የቤቱ ዋና ብልሃት ግን በደቡብ በኩል ያለው ባለ ቅስት በረንዳ ነው። ስሙን ኢልያኮስ ይሉታል፤ ይህም ከግሪክኛው የፀሐይ ስም የወጣ ነው። በሰኔ ወር በቀትር ፀሐይ ከአድማስ 78 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል የበረንዳው ጣራ ያግዳታል። በታኅሣሥ ግን ከፍታዋ 31 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ጨረሯ በቅስቱ ሥር ገብቶ የቤቱን ግድግዳ ያሞቃል። ቀድሞ የቤተ ሰቡ የዕለት ሥራ አብዛኛው በዚሁ በረንዳ ነበር። በግቢው የተተከለው የወይን ሐረግም በሐሩር ጊዜ በቅጠሉ ያጠላል፤ በብርድ ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ ለፀሐይ መንገድ ይለቃል።

ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶና ሰፊ መስተዋት፣ ከነርሱም ጋራ የአየር ማቀዝቀዣው መኪና መጣ። የሚያስገርመው፣ የደሴቲቱ ሰዎች በየጣራቸው ላይ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ሲያኖሩ ቤቱን ራሱን ወዴት እንደሚያዞሩ የሚዘነጉ መሆናቸው ነው። ደሴቲቱ ከሌላ አገር የኤሌክትሪክ መስመር ጋራ አልተገናኘችም፤ አብዛኛውንም ኃይል የምታገኘው ከባሕር ማዶ በሚመጣ የነዳጅ ዘይት ነው። ሐምሌ 4 ቀን 2003 ዓ.ም. በማለዳ በአንድ የባሕር ኃይል ሰፈር የተከማቸ ፈንጂ ፈንድቶ 13 ሰዎች ሞቱ፤ በአጠገቡ ያለው የቫሲሊኮስ የኤሌክትሪክ ጣቢያም ክፉኛ ስለ ተጐዳ አገሪቱ ከኃይሏ ግማሽ ያህሉን በአንድ ጧት አጣች። በዚያ ሐሩር መብራት በየተራ ሲቋረጥ፣ መኪናው የቆመበት መስተዋታም ቤት ለሕፃንና ለሽማግሌ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምተው። የጭቃው ግድግዳ ግን የሚቋረጥበት ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ይህን በረንዳ እንዳለ ወስዶ በአዲስ አበባ መሥራት ስሕተት ነው። አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች ስለ ሆነች በሰኔ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ። የሰሜኑንና የደቡቡን መስኮት አጭር የጣራ ክፈፍ ይጋርደዋል። በሠርክ ከምዕራብ ዝቅ ብላ የምትገባውን ፀሐይ ግን ክፈፍ አያግዳትም፤ ለርሷ የመስኮት መዝጊያ ወይም በደጅ የተተከለ ዛፍ ያስፈልጋል።