ገላን፦ የፒያሳና የካዛንቺስ ሰው አዲስ ሰፈር

የአቃቂን ድልድይ ተሻግሮ በድሮው የደብረ ዘይት መንገድ ወደ ዱከም የሚወርድ ሰው ገላንን መጀመሪያ የሚያውቃት በከባድ መኪናዋ ነው። ኮንቴይነር የጫነ፣ ብረት የጫነ፣ ሲሚንቶ የጫነ ይተላለፍባታል። ግራ ቀኙ የፋብሪካ አጥርና መጋዘን ነው። ፈንጠር ብሎ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ጭነቱን የሚያራግፍበት የእንዶዴ ጣቢያ አለ።

ከፋብሪካው በፊት የገበሬ አገር ነበረች። ስሟም የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ጥቁር አፈሯ ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ ሲሆን ለቤት ግን ክፉ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተሞላ ግድግዳው ብዙ ሳይቆይ መተርተር ይጀምራል።

ዛሬ ገላን የሚለው ስም በሁለት አስተዳደር ላይ ያርፋል። የቀድሞዋ የገላን ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። የገላን ኮንዶሚኒየምና የገላን ጉራ መንደር ደግሞ የአዲስ አበባው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ናቸው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳን፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስን ሲያነሣ ብዙ ሰው የመጣው ወደዚህ አቅጣጫ ነው። ገላን ጉራ በተለይ የካዛንቺስ ሰው መንደር ሆኗል።

እነዚህ ሰዎች ከምን ዓይነት ቤት እንደመጡ ሳያውቁ ገላንን መረዳት አይቻልም። የፒያሳን አሮጌ ቤት ከውስጥ ያየ ሰው ቆጡን አይረሳም። መኳንንትና ነጋዴዎች ያሠሯቸው፣ የአርመንና የሕንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ቤቶች ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው የእንጨት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተሸነሸነ። ልጅ ሲበዛ ወደ ጎን መስፋት ስለማይቻል ሰው ወደ ላይ ሰፋ፦ ከጣሪያው ሥር የቆጥ ወለል ተረበረበ፣ መሰላል ተደገፈ፣ ልጆች ከላይ፣ ወላጆች ከታች ተኙ። ለዐሥርተ ዓመታት ያልተነካው ኪራይ ድሃውን መሀል ከተማ አኖረው። ያው ኪራይ ግን ቤቱን ለማደስ አልበቃም፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚደርስለት ላስቲክ ነበር።

በሌላ አገር የአሮጌ ቤት ዕጣ ሌላ ነበር። በኒው ዮርኩ ሶሆ ሰፈር ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ውስጥ ድሆች ሠዓሊዎች ገቡ፤ ከፍ ያለው ጣሪያ፣ ሰፊው መስኮት ለሥራቸው ተመቻቸው። ዛሬ እነዚያ ፎቆች ታድሰው የባለጸጋ መኖሪያ ሆነዋል፣ ሠዓሊዎቹም አብዛኞቹ የሉም። እዚያ ግድግዳው ተርፎ ሰው ተነሣ። እኛ ዘንድ በብዙ ቦታ ሁለቱም ተነሡ። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ የተጎዳው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል። ያንን ያየ ሰው ከፒያሳ ቤቶች ገሚሱ ሽቦው፣ ጣሪያውና ሽንት ቤቱ ተሠርቶለት ነዋሪውም ሳይነሣ ሊታደስ ይችል ነበር ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። እኔ አምናለሁ።

ይህን ስል የቀበሌ ቤትን ኑሮ ማሳመሬ አይደለም። ለጋራ ሽንት ቤት ወረፋ የቆመች እናት ዛሬ የራሷን በር ዘግታ መታጠብ መቻሏ ትልቅ ነገር ነው። የጎደለው እንጀራው ላይ ነው። ካዛንቺስ ቡና የምታፈላ፣ ምሳ የምትሸጥ ሴት ደንበኛዋ ከየቢሮው በእግሩ ይመጣላት ነበር። ከዚህ መሀል ከተማ ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለ፤ የቀን ሥራ የሚያገኝ ሰው ከገቢው ብዙውን ለትራንስፖርት ይከፍላል። ጎረቤቱ ገበሬም እንዲሁ ነው። የጤፍ ማሳው ለፋብሪካና ለቤት ሲወሰድ የተሰጠው ካሳ አልቆ፣ ልጁ የፋብሪካ ዘበኛ የሆነበት ሰው እዚህ አለ። ከመሀል የተነሣውና ከዳር የተነሣው በአንድ ጉሊት ሽንኩርት ይገዛዛሉ።

እድሩ ግን ገና አልተዛወረም። አባላት በየአቅጣጫው ተበትነው፣ ወርኃዊውን መዋጮ የሚከፍሉት ለድሮው ሰፈር እድር የሆኑ ብዙ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ መኪና ተከራይቶ ይመጣል፤ ለቀስተኛውም ታክሲ እየቀያየረ ይደርሳል። ቀጣዩን መንደር የሚነድፉ ባለሙያዎች ከመንገዱና ከፓርኪንጉ ጋር ለድንኳን መትከያ የሚሆን ሜዳና ለእድር ዕቃ ማስቀመጫ አንድ ክፍል በካርታው ላይ ያስገቡ። ዕጣ ሲወጣም የአንድ እድር ሰዎች በአንድ ብሎክ ይመደቡ።