ከኢየሩሳሌም መልስ፤ የትኛው የባሕር ዳር?

የአምስት ኪሎ ሰፈር ለኢየሩሳሌም ጨዋታ የተመቸ ነው። መንበረ ፓትርያርኩ በአጠገቡ ነው፤ ብሔራዊ ሙዚየሙና የቴክኖሎጂው ትምህርት ቤትም በዚያው ስለ ሆኑ፥ የቤተ ክህነቱ ሊቅና የዘመናዊው ትምህርት ተማሪ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ዘንድሮ ሊሳለም ያሰበ ቤተሰብ ካለም ወሬው ቶሎ ይዳረሳል፤ ምክር የሚሰጠውም ይበዛል። እኛም በዚህ ሰፈር ስንኖርና ስናስተምር ደጋግመን የምንጠየቀው ነገር አለ። ይኸውም፥ «ተሳልመን ስንጨርስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይተርፈናል፤ ልጆቹም ባሕር እንይ ይላሉ፤ ወደ የትኛው የባሕር ዳር ብንሄድ ይሻላል?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ተጠንቅቆ መመለስ የሚገባው ነው። ብዙው ቤተሰብ ለዚህ ጉዞ ገንዘብ የሚያጠራቅመው ዓመታት ፈጅቶ ነው፤ እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር ከአገር የሚወጡትም በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻዎቹ ቀኖች በመኪና ውስጥ፥ በድካምና በጭቅጭቅ ካለፉ፥ ከጎልጎታ የተገኘውን ደስታ ሳይቀር ያደበዝዙታል።

አንዲት የሰፈራችን ባልቴት ልጃቸው ይህንኑ አሳብ ባቀረበላቸው ጊዜ፥ «እኔ እኮ የምሄደው ልሳለም ነው እንጂ ልዋኝ አይደለም» ሲሉት ሰምተናል። ልጁም፥ «እማዬ፥ አንቺ ዳር ተቀምጠሽ ታርፊያለሽ፤ እኛ ውሃውን እናያለን» አላት። የእናቲቱ ቃል ከመንፈሳዊ ቅንዓት የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ የልጁም አሳብ ነውር የለበትም። የትንሣኤ ተሳላሚ ሁለት ወር የሚጠጋ ጾም ጾሞ፥ ሰሙነ ሕማማትን በስግደት አሳልፎ፥ በዴር ሡልጣን ቆሞ ያደረ ሰው ነው። ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀኖችም ጾምና ስግደት የሌለባቸው የደስታ ቀኖች መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። በእነዚህ ቀኖች በልከኛ አለባበስና በመጠን በባሕር ዳር ማረፍ፥ የፈጣሪንም ሥራ ማድነቅ ለጉዞው የሚገባ መዝጊያ ነው። ልጆቹ ደግሞ የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ኤርትራ በ1985 ዓ. ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትምና፥ በአዲስ አበባ ያደገ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ባሕርን የሚያውቀው በካርታ ላይ በተቀባው ሰማያዊ ቀለም ነው።

እንግዲህ የሚመረጡትን ቦታዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

አስቀድሞ ስሟ የሚነሣው እስክንድርያ ናት። የቅዱስ ማርቆስ መንበር ናት፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም በ4ኛው መቶ ዓመት በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተሾሙት በእርሷ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ. ም. የራሷን ፓትርያርክ እስካገኘችበት ጊዜ ድረስም ከዚሁ መንበር ጋር የነበራት ትስስር የታወቀ ነው። ነገር ግን ከኢየሩሳሌም ወደዚያ ለመሄድ ሌላ ቪዛና ሌላ የአይሮፕላን ቲኬት ያስፈልጋል፤ ከካይሮም እስከ እስክንድርያ 220 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ሁለት ቀን የተረፈው ሰው ሁለቱንም በመንገድ ይጨርሳቸዋል። የአልዓዛር መቃብር የሚገኝባት የቆጵሮሷ ላርናካም በአይሮፕላን ቅርብ ብትሆን፥ የራሷ ቪዛ ስላላት ለአጭር ጉዞ አትመችም። አባ ሰላማ የተነሡባት ጢሮስ በዚሁ ባሕር ዳር ናት፤ ዳሩ ግን ከእስራኤል ወደ ሊባኖስ የሚወስደው መንገድ ለመንገደኛ ዝግ ነው። እነዚህ ሦስቱ ራሳቸውን ችለው ሊታሰቡ የሚገባቸው እንጂ፥ በሌላ ጉዞ ጫፍ ላይ የሚጨመሩ አይደሉም።

ስለዚህ በእስራኤል ጠረፍ ያሉት ይቀሩናል። ከእነርሱ በሰሜን በኩል ያለችው ሐይፋ ናት። ከተማዋ በቀርሜሎስ ተራራና በባሕሩ መካከል ስለ ተሠራች፥ የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ለሚያስብ ሰው እጅግ ደስ ታሰኛለች። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የኀዘን ትዝታ አላት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጠላት ወረራ ምክንያት ከአገር ወጥተው፥ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ. ም. የደረሱት ወደ ሐይፋ ወደብ ነው፤ ከዚያም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። የጉዟችሁ መጨረሻ ናዝሬት ከሆነች፥ ሐይፋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ምርጫው መልካም ነው። ከኢየሩሳሌም ለሚነሣ ግን ሩቅ ናት፤ ከአይሮፕላን ጣቢያውም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትለያለች።

ከሐይፋ ወደ ደቡብ ሲወረድ ቂሣርያ ትገኛለች። ሄሮድስ ከጌታ ልደት በፊት የሠራት የወደብ ከተማ ናት፤ የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም በ1953 ዓ. ም. ተቆፍሮ የወጣው በዚያ ነው። ቆርኔሌዎስ የተጠመቀው፥ ቅዱስ ጳውሎስም ሁለት ዓመት የታሰረው በእርሷ ነው። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካን ግን፥ የሕንደኬን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስ መኖሪያው ቂሣርያ መሆኑ ነው። ቦታው ሰፊ የፍርስራሽ መስክ ስለ ሆነ ብዙ የእግር ጉዞ አለው፤ ለመግባትም ይከፈላል። ታሪክ ለሚወድ ወጣት እጅግ የሚጠቅም ሲሆን፥ ጉልበታቸው ለደከመ እናት በፀሐይ ላይ ከባድ ነው።

በደቡብ በኩል አሽዶድ አለች። በሐዋርያት ሥራ አዛጦን የተባለችው፥ ፊልጶስ ጃንደረባውን ካጠመቀ በኋላ የተገኘባት ናት። የባሕር ዳሯ ሰፊ አሸዋ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎች በከተማዋ ስለሚኖሩም፥ በመንገድ ላይ አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን ለጋዛ ቅርብ በመሆኗ፥ የጸጥታ ችግር በተነሣ ቁጥር አስቀድመው ከሚነኩት ከተሞች አንዷ ናት።

የቀረችው ኢዮጴ ናት፤ ዛሬ ያፋ ወይም ያፎ ይሏታል። ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊኮበልል መርከብ የተሳፈረባት፥ ለሰሎሞን መቅደስ የሊባኖስ ዝግባ በባሕር ተንሳፍፎ የደረሰባት ወደብ ናት። ቅዱስ ጴጥሮስ ጣቢታን ያስነሣባት፥ በባሕር ዳር ባለው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤትም ያደረባት ከተማ ናት። የኢየሩሳሌም ባቡር በ1885 ዓ. ም. ሥራ ሲጀምር መነሻው ኢዮጴ ነበረ፤ በባሕር የሚመጡ ተሳላሚዎችም ወደቡ ድንጋያማ ስለ ሆነ ከመርከብ ወርደው በታንኳ ይሻገሩ ነበር። ለቀደሙት ተሳላሚዎች የጉዞው መግቢያ የነበረችው ከተማ ለዛሬዎቹ መውጫ ብትሆን የተገባ ነው።

እኛ ከማኅበርተኞቻችን ጋር በዚያ በደረስን ጊዜ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ከአሮጌው ከተማ ኮረብታ ሥር ተቀምጠን፥ ፀሐይ በተራራ ጀርባ ሳይሆን በውሃ ውስጥ ስትገባ አየን፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር ለኖረ ሰው ይህ አዲስ ነገር ነው። አብረውን የነበሩ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ሰብስበው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡና፥ በእፍኛቸው ቀድተው ቀመሱት። ፊታቸውንም ቋጥረው፥ «ይህ ሁሉ ውሃ ለቡና እንኳ አይሆንም ማለት ነው?» ቢሉ ሁላችንም ሣቅን። ልጆቹም ስለ ባሕር ጨው በትምህርት ቤት የተማሩትን ለእርሳቸው ለማስረዳት ተሽቀዳደሙ፤ በዚህ ባሕር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 39 ግራም ያህል ጨው አለ።

ምክራችን እንግዲህ ይህ ነው። የተረፈው ቀን አንድ ብቻ ከሆነ ኢዮጴን ምረጡ። ከኢየሩሳሌም የምትርቀው ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አይሮፕላን ጣቢያው ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር በሚገኝባት በልዳ አጠገብ ስለ ሆነ፥ ከኢዮጴ እስከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ከልዳ ወደ ኢዮጴ የተጠራበትን መንገድ እናንተ በመልሱ ትሄዱበታላችሁ ማለት ነው። ከኢዮጴ ወደ ሰሜን እስከ ቴል አቪቭ የተነጠፈው የእግር መንገድም ሜዳ ስለ ሆነ፥ አረጋውያን በቀስታ ይሄዱበታል። ሁለት ቀን ካላችሁና ከገሊላ በኩል በመኪና የምትመለሱ ከሆነ ግን፥ ቂሣርያ በመንገዳችሁ ላይ ስለሆነች ጎራ በሉባት። በማናቸውም መንገድ ለምርጫው ዳኛ መሆን የሚገባው የቦታው ዝና ሳይሆን፥ ከቤተሰቡ ሁሉ ደካማ የሆነው ሰው ጉልበትና ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ነው። እናት የማይደርሱበት የባሕር ዳር ለልጆቹም ደስታ አይሆንም።

ከዚህም ጋር ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችን እንጨምር። አንደኛ፥ ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ አብዛኛው ባቡርና አውቶቡስ ስለማይሠራ፥ የባሕሩን ቀን ከሰንበታቸው ጋር አታገናኙት። ሁለተኛ፥ በሚያዝያ ወር የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ነውና ልጆችን ብዙ አታቆዩአቸው። ሦስተኛ፥ የሕይወት አድን ጠባቂ በሌለበት ቦታ ማንም አይግባ፤ ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ መዋኘት ይቻላል፥ ቀይ አደገኛ ነው፥ ጥቁር ፈጽሞ ክልክል ነው። ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ዋናተኛውንም ያሸንፋልና፥ ዋና የማያውቅ ከጉልበቱ በላይ አይለፍ። አራተኛ፥ ከማኅበር ጋር የሄደ ሰው ያለ መሪው ዕውቀት ተለይቶ አይሂድ።

ስለ ጸጥታውም ዝም ማለት አይገባም። ከመስከረም 2016 ዓ. ም. ወዲህ በዚያ አገር ጦርነት ደጋግሞ ተነሥቷል፤ በሰኔ 2017 ዓ. ም. በእስራኤልና በኢራን መካከል ውጊያ በተደረገ ጊዜም የልዳው አይሮፕላን ጣቢያ ለመንገደኛ ተዘግቶ ነበር። ጃንደረባው ወደ ጋዛ የወረደበት መንገድ ለተሳላሚ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፥ በረራው ቢቀር ገንዘቡ የሚመለስ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ።

ለጉዞው የተዘጋጃችሁ ቤተሰቦችም ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡና፥ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8፥ 9 እና 10ን ለልጆቹ አንብቡላቸው፤ ጋዛ፥ አዛጦን፥ ልዳ፥ ኢዮጴና ቂሣርያ ሁሉም በዚያ አሉ። ከዚያም ካርታ ዘርግታችሁ ስሞቹን ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጓቸው። እግዚአብሔር አምላክ በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልሳችሁ።